ድንቅነሽ በቦሌ፣ ሰላም በመገናኛ

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ካለፉት መንገደኞች ሁሉ በዕድሜ ድንቅነሽን የሚያህል የለም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ይህች የሐዳር ሴት በ2007 ወደ አሜሪካ ስትሄድ በዚሁ በር ወጣች። «አጥንቷ ይጎዳል፣ አገሯ ትቀመጥ» ባዮችና «ዓለም ይያት» ባዮች ክርክራቸውን ሳይጨርሱ ሂውስተን ገብታ ለሕዝብ ታየች፤ የተመለሰችው በ2013 ነው። በ2025 ክረምት ላይ ደግሞ ከዲኪካዋ ሕፃን ከሰላም ጋር ወደ ፕራግ ሄደች። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሰማዩ መዝገብ የተያዘው በዚያ ነውና።)

እኔ በጥቅምት ወር ከባሕር ዳር በርሬ ቦሌ ስወርድ በሐሳቤ ያለችው ግን ሌላዋ ድንቅነሽ ነበረች፤ ድንጋይዋ። በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ከሚዞሩት አስትሮይዶች አንዷ ናት፤ ቁጥሯ 152830። በኅዳር 1999 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ሰማይን በሚያስስ ቴሌስኮፕ ተገኘች፤ ከዚያም ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ያለ ስም ዞረች። ስም ያገኘችው በ2023 መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ በድንቅነሽ የፈረንጅ ስም «ሉሲ» የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በአጠገቧ እንደምታልፍ ታውቆ ነበርና፣ መንኮራኩሯ የፈረንጁን ስም ስትይዝ የሐበሻው ለድንጋይዋ ደረሰ።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ነው። ሰሚት ነው የሚኖሩት፤ ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ነች። ባለፈው ስልክ ደውላ፣ «አጎቴ፣ የፊዚክስ መጽሐፋችን ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ሰማይ ላይ በስማቸው ድንጋይ አላቸው የሚባለው እውነት ነው እንዴ? የኛስ ሰው አለ?» አለችኝ። መጥቼ እነግርሻለሁ አልኳት። ካርታ ሳገላብጥ ደግሞ መልሱን እየተራመድኩ ላገኘው እንደምችል ታየኝ። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አያት ያለው መንገድ ለዚህ ጉዳይ ተለክቶ የተሰጠ ይመስላል።

መድኃኔዓለም

ድንጋይዋን ድንቅነሽን አምጥተን ቦሌ መድኃኔዓለም ላይ ብናስቀምጣት ምን ትመስላለች? ወርዷ ከዳር እስከ ዳር 720 ሜትር ገደማ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ኤድና ሞልን፣ በዙሪያቸው የተኮለኮሉትን ሆቴሎችና ካፌዎች በሙሉ ሥሯ ታደርጋቸዋለች። ቁመቷ ይበልጥ ያስገርማል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ሠፈር ነው፤ በዚያ ላይ 720 ሜትር ሲጨመር ጫፏ 3,000 ሜትርን ይሻገራል። በስተሰሜን የሚታየው እንጦጦ 3,200 ሜትር ነው። ከእንጦጦ ጋር ትከሻ ለትከሻ ልትሆን ትንሽ የሚቀራት ተራራ ቦሌ መሐል በቀለ ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ በአስትሮይድ ወግ እጅግ ትንሽ ናት፤ በዓይን ቀርቶ ባለን ተራ ቴሌስኮፕም አትታይም።

ሉሲ በአጠገቧ ያለፈችው ኅዳር 1 ቀን 2023 ነው፤ 430 ኪሎ ሜትር ርቃ፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር በአየር እንደማለት። ፍጥነቷ በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ነበር። የሄደችው ድንቅነሽን ልትጎበኝ አልነበረም። ዋናው መድረሻዋ በጁፒተር ምሕዋር ላይ ከፊትና ከኋላ የሚጓዙት የጥንት አለቶች ናቸው። ፕላኔቶች ከተሠሩ በኋላ የተረፉ ፍርካሾች ስለሆኑ የፕላኔቶች ቅሪተ አካል ተደርገው ይታሰባሉ፤ ለመንኮራኩሯ የሐዳሯ ሴት ስም የተሰጣትም ለዚህ ነው። ድንቅነሽ የካሜራና የመከታተያ መሣሪያ መሞከሪያ ሆና በመንገድ የገባች ናት። እንግዲህ ለሙከራ የተመረጠችው ድንጋይ ናት ሁሉን ያስደነቀችው። ምስሎቹ ሲደርሱ ብቻዋን አልነበረችም፤ የምትዞራት ጨረቃ አብራት ነበረች። ቀጥለው የደረሱት ምስሎች ደግሞ ጨረቃዋ ራሷ ሁለት መሆኗን አሳዩ፤ አንዱ 210፣ ሌላው 230 ሜትር የሚያህሉ፣ ተነካክተው የቆሙ ሁለት ጉብታዎች። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጣበቀ ጨረቃ በየትም አልታየም ነበር።

ጨረቃዋ በዚያው ወር ስም ተሰጣት፤ ሰላም። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት የሕፃን ቅሪት ስም ነው። ሕፃኗ በዘመን ከድንቅነሽ ትቀድማለች፤ ሰማይ ላይ ግን የሐዳሯን ስትዞር ትኖራለች። ይህን የመሰለ ዝምድና ያሰበው ሰው ምስጋና ይግባው።

ከመድኃኔዓለም እስከ መገናኛ

ሰላም ከድንቅነሽ የምትርቀው 3.1 ኪሎ ሜትር ነው። ከመድኃኔዓለም እስከ መገናኛ ያለው የአየር ርቀትም ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ድንቅነሽ መድኃኔዓለም ላይ ከተቀመጠች ሰላም መገናኛ ላይ ትቆማለች። መንገዱን በእግሬ ልሂደው ብዬ በሃያ ሁለት በኩል ወጣሁ፤ ከዚያ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጎዳና ይዤ ወደ ምሥራቅ።

መንገዱ ዘወርዋራ ስለሆነ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰላም ድንቅነሽን አንድ ጊዜ ለመዞር 53 ሰዓት ያህል ትፈጃለች፤ ድንቅነሽ በራሷ ዛቢያ ላይ የምትሾረው ግን በአራት ሰዓት ውስጥ ነው። ከድንቅነሽ ላይ የተፈናቀለ አፈርና ድንጋይ ተሰብስቦ ነው ሰላምን የወለደው ይላሉ ምስሎቹን ያጠኑት። ምክንያቱ ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን ጎርበጥባጣ ድንጋይ ላይ አርፎ ሙቀቱ ተመልሶ ሲወጣ ትንሽ ይገፋል፤ ግፊቱ ለሚሊዮን ዓመታት ሲጠራቀም ድንጋዩን ያሾረዋል፤ ሽክርክሪቱ ሲፈጥን ልል አፈሩ ከመሐሉ እየተነሳ ይበተናል። ድንቅነሽ ወገቧን የከበበ ሸንተረርና ሰፊ ቦይ አላት፤ የዚያ መናጋት ጠባሳ ነው።

ሃያ ሁለት ላይ ከአንድ ሕንፃ ጥግ ረከቦት ዘርግታ ከምትሸጥ ወጣት ዘንድ ቡና ልጠጣ ተቀመጥኩ። ቀጤማ ጎዝጉዛለች፤ ዕጣኑ ከመኪናው ጭስ ጋር ይጋፋል። «አቦል ደርሷል ጋሼ፣ ወይስ ይሞቃል ብለው ይጠብቃሉ?» አለችኝ።

«አቦል ፕላኔት መሆኑን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። አጠገቤ የተቀመጠው የባጃጅ ሾፌርም ሳቀ። ግን እውነት ነው። በታኅሣሥ 2019 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት አድሎ ሕዝቡ ስም እንዲያወጣ ጋብዞ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። ወደ 200 የብርሃን ዓመት የሚርቁ ናቸው፤ አቦል ከጁፒተር የሚከብድ የጋዝ ክምር ነው። ልጅቷ ሲኒውን ስታቀብለኝ፣ «ታዲያ ቶናና በረካ የሉም?» አለች። የሉም፤ ግን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም። ኮከቡ ሌሎች ፕላኔቶች ቢገኙለት ስማቸው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው።

መገናኛ ስደርስ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። ከቦሌ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ከታደሰ ወዲህ መብራቱ ያስደንቃል፤ ምሰሶው፣ የሕንፃው ግድግዳ፣ የዛፉ ግንድ ሳይቀር ይበራል። ለእግረኛ ደግ ነው። ቀና ብሎ ኮከብ ለሚፈልግ ግን ከዚህ መንገድ የሚተርፈው ከተገኘች ጨረቃ ብቻ ናት። በሉሲ ፍጥነት ቢሆን ይህን ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እጨርሰው ነበር።

ከመገናኛ እስከ አያት

«አያት በሲኤምሲ! አያት! ሁለት ሰው!» የሚለው ረዳት ከሁለት የበለጠ ሰው አስገብቶ ተነሳን። መንገዱን የከተማው ባቡር ሐዲድ ተከትሎታል፤ ጉርድ ሾላ፣ ሲኤምሲ፣ መሪ፣ ከዚያ አያት። ስምንት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ደግሞ ሉሲ ሚያዝያ 20 ቀን 2025 ያለፈችው የሁለተኛው አስትሮይድ ርዝመት ነው፤ ስሙ ዶናልድ ዮሐንሰን፣ ቁጥሩ 52246። በ1974 ሐዳር ላይ ድንቅነሽን ያገኘው አሜሪካዊ ስም ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ በሰፊው ቦታ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ወርድ፣ መሐሉ የቀጠነ፤ ለውዝ ከነቅርፊቱ እንደሆነው። 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ትልቅ አስትሮይድ ተመትቶ ሲሰባበር የወጣ ቁራጭ ነው ይባላል። አንድ ጫፉን መገናኛ ላይ ብናስቀምጠው ሌላኛው አያት ይደርሳል፤ ወርዱ ከኮተቤ ተዳፋት እስከ ሰሚት መዳረሻ ያለውን ሠፈር ይይዛል።

ጉርድ ሾላ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ማስታወሻ ደብተሬን አይተው፣ «መምህር ነህ?» አሉኝ። ስለ ሰማይ ድንጋዮች እንደምጽፍ ነገርኳቸው።

«ሰማይ ላይ ሌላ ጎረቤት ፈልገህ ነው? ምድሩ አልበቃ ብሎህ?»

«የአንስታይንን ድንጋይ ነው የማስበው አባቴ።»

«አንስታይን ድንጋይ አለው?»

አለው። ስለ አንስታይን ድንጋይ የምወደው የተገኘበትን ቦታ ነው። በመጋቢት 1973 ፓውል ቪልድ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በርን አጠገብ ካለው የጺመርቫልድ ኮረብታ አገኘው። አንስታይን በ1905 ዓለምን ያናወጡትን ጽሑፎች ሲጽፍ በበርን ከተማ የባለቤትነት መብት ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ቪልድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር። የሠፈራቸውን ሰው ስም ከሠፈራቸው ኮረብታ ላይ ባገኙት ድንጋይ ላይ ጻፉለት፤ ለምነው ያገኙት አይደለም። ቁጥሩም 2001 ሆነ። የ«2001» ልብ ወለድ ደራሲ አርተር ክላርክ ያን ቁጥር ለራሱ ተመኝቶ፣ አንስታይን ቀደመኝ ብሎ በቀልድ ማዘኑ ይነገራል፤ ለእሱ 4923 ደረሰው። ኒውተን 8000 ላይ ነው፤ ኩሪ 7000 ላይ፤ ፋይንማን 7495 ላይ። የልጅቷ የፊዚክስ መጽሐፍ ማውጫ አብዛኛው እዚያ ላይ እየዞረ ነው።

አዛውንቱ ሲኤምሲ ላይ ሲወርዱ፣ «ለመሆኑ ይህ ድንጋይ እኛ ላይ አይወድቅም?» አሉ። አይወድቅም፤ ከማርስ ወዲያ ነው ቤቱ። «እንግዲህ ደህና፤ ያድለው» ብለው ወረዱ።

ሰሚት

አያት ደርሼ ወደ ሰሚት የሚመለስ ሌላ ታክሲ ያዝኩ። እህቴ ቤት እራት ላይ እንዳለን መብራት ጠፋ። ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ «ኧረ!» አለ፤ ልጆች ተንጫጩ፤ እህቴ ሻማ ፍለጋ ገባች። እኔና ልጅቷ ግን ደረጃውን ወጥተን ጣሪያው ላይ ቆምን። የቦሌ በኩል ሰማይ እንደ ጉም ነጣ ብሎ ይታያል፤ በላያችን ያለው ግን ጥርት ያለ ነበር፤ የጥቅምት ሰማይ።

«የትኛው ነው አንስታይን?» አለች።

በዓይን እንደማይታይ ነገርኳት። ከአስትሮይዶች ሁሉ አንዳንዴ በዓይን ለመታየት የምትበቃው ቬስታ ብቻ ናት፤ ያውም ጨለማ ቦታ ላይ። ሰልፋቸው ግን የፕላኔቶቹን መንገድ ተከትሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በአናታችን ያልፋል። ቡናና አቦል ያሉበትን የሰሜን ምሥራቁን ሰማይም አሳየኋት። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ እንጦጦ ጣቴን ቀሰርኩ። እዚያ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ያቆሟቸውን ሰዎች አነሳሁላት፤ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ሲመሠረት «የእብዶች ማኅበር» እየተባለ ይሾፍበት ነበር። አቦል ስሙን ባገኘ በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2019፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ወደ ጠፈር ወጣች፤ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ሆነ። ሹፈቱ ያኔ ጸጥ አለ። አሁን የቴሌስኮፖቹ ጠላት ይህ ከሥራቸው የሚያበራው ከተማ ነው።

እህቴ ሻማዋን ይዛ ወጣች። «ስሙን የሚያወጣው ማነው ግን?» አለች ልጅቷ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» አለች እናቷ።

የዚህን ግን ኮሚቴ ነው የሚያጸድቀው። ስም የማቅረብ መብት ድንጋዩን ያገኘው ሰው ነው። ድንጋዩ ደጋግሞ ታይቶ ምሕዋሩ ከታወቀ ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ አግኚው አሥር ዓመት ጊዜ አለው። ስሙ በላቲን ፊደል ከ16 መብለጥ የለበትም፤ የንግድ ስም አይሆንም፤ የውሻና የድመት ስም አይበረታታም፤ ፖለቲከኛ ወይም የጦር ሰው ከሆነ ደግሞ ከሞተ መቶ ዓመት ሳያልፍ አይታሰብም። እህቴ ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ፣ «ደግ አደረጉ» አለች። እኔም እንደሷ ነኝ፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የአደባባዮቻችንን ስም ስንለዋውጥ ለኖርን ለእኛ ይህ ሕግ በወርቅ የሚጻፍ ነው። የፊዚክስ ሰው ግን መቶ ዓመት አይጠብቅም። ከ1.4 ሚሊዮን በላይ አስትሮይድ ታውቋል፤ ስም ያለው 25 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ቦታ ሞልቷል።

«የኛስ ሰው?» አለች እንደገና።

የሳካሮቭን ድንጋይ ነገርኳት። ቁጥሩ 1979 ነው፤ የሶቪየት የሃይድሮጂን ቦምብ አባት ሆኖ ኋላ ለሰው ልጅ መብት ሲል መንግሥቱን ተጋፍጦ ወደ ጎርኪ በተጋዘው በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የተጠራ። የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በዚሁ ሰው ስም ሽልማት አለው፤ በ2012 ከተሸለሙት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ በቀለ ናቸው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው፣ በእስር ቤት ሳሉ ለእስረኞች ትምህርት ያስተማሩ የፊዚክስ መምህር። ለእኔ የሰማይ ድንጋይ የሚገባው ሰው እንዲህ ያለው ነው።

የሳካሮቭ ድንጋይ ሌላም ትምህርት አለው፤ አዲስ አበባ ድረስ ይዤው የመጣሁትም ይህንኑ ነው። በ1960 ፎቶውን ያነሳው ቶም ጌረልስ በካሊፎርኒያ ፓሎማር ነው። የፎቶ ሰሌዳዎቹ ግን ተልከው ሆላንድ ላይደን ገቡ፤ እዚያ ባልና ሚስቱ ቫን ሃውተኖች ቁጭ ብለው ነጥብ በነጥብ እያስተያዩ በሺህ የሚቆጠሩ አስትሮይዶች አወጡ። ቴሌስኮፑ የነሱ አልነበረም፤ ሰማዩም የላይደን ሰማይ አልነበረም። ትዕግሥቱና ዓይኑ ግን የነሱ ነበር፤ አግኚ ተብለውም ስማቸው ከጌረልስ ጋር ተመዘገበ።

ዛሬ ሰሌዳ መላክ አያስፈልግም። ከቴክሳስ የሚመራ አንድ ዓለም አቀፍ የአስትሮይድ ፍለጋ ትብብር አለ። በሃዋይ ቴሌስኮፕ የተነሱ ምስሎችን ለትምህርት ቤቶች በነፃ ይልካል፤ አንድ የሰማይ ቁራጭ በደቂቃዎች ልዩነት አራት ጊዜ የተነሳበት። ተማሪዎች በኮምፒውተር እያፈራረቁ ያያሉ። ኮከብ ቦታውን አይለቅም፤ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካለ ግን አስትሮይድ ሊሆን ይችላል። ይመዘገባል፤ ይጣራል፤ ቋሚ ቁጥር እስኪያገኝ ዓመታት ይፈጃል። ዛሬ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ይዛ ሊሆን ይችላል ያኔ። ሲደርስ ግን ስም እንድታወጣ የምትጠየቀው እሷ ናት።

ድንቅነሽና ሰላም የሚሉት ስሞች ሰማይ ላይ በመኖራቸው ደስ ብሎኛል፤ በጨዋነት የተሰጡ ስሞች ናቸው። ያም ሆኖ ስጦታ ናቸው። በርኖች ለአንስታይናቸው ስጦታ አልጠበቁም።

ስለዚህ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያትና በኮተቤ ለምታስተምሩ የፊዚክስ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ትምህርት ቤታችሁ አንድ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለው፣ አምስት ስድስት ተማሪ ሰብስባችሁ ለሚቀጥለው ዙር ፍለጋ ተመዝገቡ። ለማስመዝገቢያ የሚከፈል የለም። ነጥብ ያገኘ ቡድን ስም ቢያጣ ደግሞ ከእኔ ይውሰድ፤ «ሙሉጌታ በቀለ» በላቲን ሲጻፍ በመሐሉ ካለው ክፍተት ጋር 15 ይሆናል፤ ሕጉ የሚፈቅደው 16 ነው።